ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀበይ ላለሽ እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለሽ። ሰፈር ልትቀይሩ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታከራዪው ነው። ደላላው ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚከፍል ሰው ይዣለሁ፣ ዛሬውኑ እንጨርስ እያለ አጣድፎሻል። ልቀበል ወይስ ልቆይ ነው ጥያቄሽ። እኔም እዚያው ልደታ አንድ፣ ሰንጋ ተራ አንድ ቤት ሳከራይ ብዙ ጊዜዬ ነው።

አትቀበይ። ሲጀመር ሕጉ አይፈቅድልሽም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ከልክሏል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ እንዲመዘገብም ያዛል። ጭማሪም ቢሆን በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው መጠን አያልፍም። ስለዚህ መነሻ ዋጋሽ ላይ ረጋ ብለሽ አስቢ። ዛሬ በጥድፊያ የቆረጥሽው ዋጋ ረጅም ጊዜ አብሮሽ ይቆያል።

ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ስድስት ወር የከፈለ ሰው ጥሩ ተከራይ ነው ማለት አይደለም። ዛሬ ብር አለው ማለት ብቻ ነው። ብሩ ደግሞ እጅሽ ገብቶ አይቀመጥም። የልጅ ትምህርት ቤት ይከፈላል፣ ዕቃ ይገዛል። በሁለተኛው ወር ጎረቤት ስለ ሰውየው ስሞታ ቢያመጣ ምን ልትይ ነው? ልቀቅ እንዳትይው ቀሪውን ከየት ታመጪያለሽ?

አከራይን የሚጎዳው የኪራይ ማነስ ሳይሆን የተከራይ መቀያየር ነው። ለምሳሌ ወሩን በ25 ሺህ ብታከራዪውና ሰው ወጥቶ ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ 50 ሺህ ብር ቀረ። ቀለሙና የደላላው ኮሚሽን ሳይቆጠር ማለት ነው። ሁለት ሺህ ጨምሮ የሚከፍል ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢከፍልሽ ትርፉ 24 ሺህ ነው። እኔ ሁልጊዜም የሚቆየውን ሰው እመርጣለሁ።

ታዲያ የሚቆየውን ሰው በምን ታውቂዋለሽ? የፋይዳ መታወቂያውንና የሥራ ደብዳቤውን እይ፤ ይህን ፈጽሞ አትለፊው። ከዚያ ቀድሞ የነበረበት ቤት ጎራ በይ። አሁን ያለበት ቤት አከራይ እንዲወጣለት ፈልጎ ሊያመሰግነው ይችላል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ብትጠይቂ ይሻላል። ከአከራይም በላይ ደግሞ የግቢው ጥበቃ ያውቃል። ማታ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ የጋራ መዋጮ ሲጠየቅ ምን እንደሚል፣ ሁሉንም ያውቃል።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። ከሰው መረጣው እኩል የምጨነቀው ለዚህ ነው። ሰው ሳይገባ ሁለት ነገር አስጨርሺ።

አንዱ መታጠቢያ ቤቱ ነው። የወለሉን ውሃ መውረጃ በጨርቅ ድፈኚና ሁለት ጣት ያህል ውሃ ሙዪበት። አድሮ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ውረጂና የጎረቤትሽን መታጠቢያ ቤት ኮርኒስ አብራችሁ እዩ። እርጥብ ክብ ነገር ወይም የተላጠ ቀለም ካለ ውሃው እየሰረገ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ መውረጃው ዙሪያ ወይም ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ ሴራሚክ መሐል ያለው ሙሊት ሲያልቅ ነው። ቤቱ ባዶ እያለ ቀላል ሥራ ነው። ሰው ከገባ በኋላ ግን ተከራይሽ መታጠቢያ ያጣል፣ የታች ጎረቤትሽ ካሳ ይጠይቃል፣ አንቺ ከሁለቱም ጋር ትነታረኪያለሽ።

ሌላው ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ወጥ ቤት ያለው ተራ ሶኬት ይህን እየደጋገመ አይችለውም፤ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ተከራይሽ ደግሞ እንጀራ መጋገሯ አይቀርም። "ምጣድ ክልክል ነው" እያሉ የሚያከራዩ አሉ፤ እኔ ሰውን እንጀራ ከልክዬ አላከራይም። ከማከፋፈያው ሳጥን ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር አስዘርጊ። ጠቁሮ የቀለጠ ሶኬት በእጄ ስለነቀልኩ ነው ይህን ያህል የምለው። እሳት ከሆነ የሚጠፋው ንብረት ብቻ አይደለም።

ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ጻፊ። ግብር እንዲያንስ ብለሽ ዝቅ አድርጊው የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። 10 ሺህ ብለሽ ፈርመሽ 25 ሺህ ነበር ብትዪ ማን ይሰማሻል? ኪራዩንም በባንክ ተቀበይ፤ ለሁለታችሁም ማስረጃ ነው። ውሉን ወረዳ ወስደሽ አስመዝግቢ፣ የኪራይ ገቢ ግብርሽንም በጊዜው ክፈይ።

የብሎኩን የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይግባ። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣና ሮቶውን ማን እንደሚያስሞላም ቀድመሽ ንገሪያቸው። ቁልፍ ስታስረክቢ አብራችሁ እየዞራችሁ የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ንባብ ፎቶ አንሱ። ቆጣሪው በስምሽ ስለሆነ ያልተከፈለ ቢል ዞሮ ዞሮ አንቺ ጋ ይመጣል፤ በየወሩ መከፈሉን እይ።

ከገቡ በኋላ ደግሞ ሳትደውዪ አትሂጂ። ቤቱ ያንቺ ቢሆንም ኑሮው የነሱ ነው። ከክፍለ ሀገር እናት መጣች፣ እህት መጣች ብለሽ አትቆጪ። ቧንቧ ፈሰሰ ሲሉሽ ግን በዚያው ቀን ሰው ላኪ። ቶሎ የምትጠግን አከራይ ያለችው ተከራይ ትንሿንም ብልሽት ሳትደብቅ ትነግርሻለች። እኔ ልደታ ያለችኝ ተከራይ የሲንኩ ሲፎን ማንጠባጠብ እንደጀመረ ፎቶ ትልክልኛለች፤ እስካሁን ከእጅ ያመለጠ ነገር የለም።

ለደላላው "ሁለት ወር ቅድሚያ፣ ውሉ ወረዳ ይመዘገባል" በይውና ሰውየው ይስማማ እንደሆነ እይ። ከተስማማ አነጋግሪው፤ ካልተስማማ ይለፍሽ። የቧንቧ ባለሙያ ካጣሽ የብሎካችሁን ኮሚቴ ጠይቂ፤ የሕንፃውን መስመር የሚያውቁ ሰዎች ስልክ እነሱ ጋ አይጠፋም።