መልስ፦ የመተንፈሻ ማሽን ሳንባን ሊጎዳ ይችላል ወይ?

"ማሽኑ ሕይወት የሚያድን ከሆነ ተመራማሪዎች ለምን አየሩን ቀንሱ ይላሉ?" ላልከው፦ አዎ፣ ማሽኑ ያድናል፤ አጠቃቀሙን ካላወቁበት ግን ይጎዳል።

ኤአርዲኤስ የሚባለው ከባድ የሳንባ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1967 ነው መጀመሪያ በሕክምና መጽሔት የተገለጸው። ሳንባው እኩል አይታመምም። ከፊሉ ፈሳሽ ሞልቶታል፣ ከፊሉ ተጨፍልቋል፣ አየር የሚቀበለው ክፍል ትንሽ ነው፤ እና ለሙሉ ሳንባ የሚበቃ አየር ስትገፋበት ያ የተረፈው ትንሽ ክፍል ከልክ በላይ ተለጥጦ ይቆጣል፣ ጉዳቱም ለኩላሊትና ለሌሎች አካላት ይተርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነገሩን ለየለት። 861 ሕሙማን ነበሩበት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር አየር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶው ሲሞቱ፣ 6 ከተሰጣቸው የሞቱት 31 በመቶ ናቸው። (ኪሎው ከቁመትና ከጾታ የሚሰላ ነው፣ ሚዛን ላይ የሚነበበው አይደለም። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይሰፋም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።)

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ትንሽ አየር የተሰጣቸው ሰዎች መጀመሪያ ላይ የደም ኦክስጅናቸው ዝቅ ያለ ነበር! ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ቢታይ ኖሮ የተሻለው ሕክምና ውድቅ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ጎበዝ ተመራማሪ ቁጥሩ አማረ ብሎ የማያቆመው፤ በሽተኛው ተርፎ ወጣ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በፈረንሳይና በስፔን የተሠራ ጥናት ሕመሙ የጠናባቸውን በአንድ ጊዜ ቢያንስ ለ16 ሰዓት በሆዳቸው አስተኛ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 16 በመቶ ብቻ ናቸው፣ በጀርባቸው ከተኙት ግን 32.8። አዲስ መድኃኒት የለበትም፤ የሚፈልገው የሠለጠነ ቡድን ነው።