መብራቱ ሲጠፋ ሐውልትሽ ምን ይመስላል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የቅርጻ ቅርጽ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ለመስቀል አደባባይ የታሰበ፣ ሰው ሲጠጋው በሴንሰር መብራቱ የሚቀያየር ሐውልት ነው። ወደፊትም መሥራት የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ቤተሰቤ ግን ‹ይሄ እንጀራ አይሆንሽም› ይሉኛል። ፕሮግራሚንግ ልማር ወይስ ወደ አርክቴክቸር ልቀይር? ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ አትቀይሪ። 4ኛ ዓመት ደርሰሽ ከአንድ መጀመር ምን አመጣው? አርክቴክት ሥራው ላይ ያስፈልግሻል፤ አርክቴክት መሆን ግን የለብሽም። ፕሮግራሚንጉም ይቆይ። መጀመሪያ ብረት በማሽን እየተሽከረከረ የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ግቢ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ኒው ዮርክ ውስጥ አስተር ፕሌስ በሚባለው አደባባይ ላይ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ጥቁር የብረት ኩብ አለ። ስሙ «አላሞ» ነው። ቶኒ ሮዘንታል ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1967 ተተከለ። እያንዳንዱ ጎኑ 2.4 ሜትር፣ ክብደቱ 800 ኪሎ ገደማ ነው። ሲገፉት ይዞራል። በቃ፣ ይኸው ነው! ሴንሰር የለው፣ መብራት የለው። መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር የታሰበው፤ የአካባቢው ሰው ግን «አይነሳብንም» ብሎ አስቀረው። አንዱ መጥቶ ይገፋል፤ ይከብደዋል። የማያውቀው ሰው ጠጋ ብሎ ያግዘዋል። ሰው የሚያሳትፍ ሐውልት ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ግን ኩቡም ታሞ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ሲገፋ ኖሮ ውስጡ ያለው መዞሪያ ደከመና መሽከርከር አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2023 ተነስቶ ተጠግኖ ተመለሰ፤ አሁን ይዞራል። ስለዚህ አንድ ሰው «አደባባይ ላይ የሚሽከረከር ነገር እሠራለሁ» ሲለኝ የምጠይቀው ስለ ሐሳቡ አይደለም። የሚያዞረው ኩሽኔታ የት ነው? ግራሶ ማን ይቀባዋል? በሚዞረውና በቆመው መሐል ያለው ክፍተት የሕፃን ጣት ይቀረጥፋል? እነዚህን የሚመልስልሽ መምህርሽ ሳይሆን ቶርኖ ላይ 20 ዓመት የቆመ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሂጂና አጠገቡ ቁሚ። ሻይ መጋበዝ እንዳትረሺ።

ቺካጎ ሚሌኒየም ፓርክ ያለውን የአኒሽ ካፑርን «ክላውድ ጌት» በፎቶ ሳታይው አልቀረሽም፤ ያ እንደ መስታወት የሚያበራው ትልቅ ባቄላ። 168 የስቴንለስ ስቲል ላሜራ ተበይዶ፣ ብየዳው እስኪጠፋ ድረስ ተወልውሏል። ሰው ሁሉ ይነካዋል። በዚህ ምክንያት ከታች እስከ 1.8 ሜትር ድረስ ያለው ክፍል በቀን ሁለቴ በእጅ ይጸዳል። በቀን ሁለቴ! አንቺ ለምታቀርቢው ሥራ ይህን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው? ፕሮፖዛልሽ ውስጥ የጥገና በጀት የሚል ገጽ ከሌለ አላለቀም።

እዚያው ፓርክ ውስጥ ከስፔን ካታሎኒያ የመጣው የጃውሜ ፕሌንሳ «ክራውን ፋውንቴን» አለ። ሁለት 15 ሜትር የሚረዝሙ የመስታወት ጡብ ማማዎች ናቸው። 1000 የሚጠጉ የከተማዋ ነዋሪዎች ፊት እየተፈራረቀ ይታይባቸዋል፤ ከአፋቸውም ውኃ ይፈልቃል። ልጆቹ ከሥር ቆመው ይጮኻሉ። ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ፊቶቹን በቪዲዮ በመቅረጽ ሥራ ላይ የከተማዋ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ተሳትፈዋል። ማንም አዲስ ምሩቅ ጠርቶ አደባባይ አያስረክብም። የሚገባው በጎን በር ነው። ካሜራ ይዞ፣ ሞዴል ቆርጦ፣ ብየዳ አግዞ።

አሁን ስለ መስቀል አደባባይ። እውነቱን ልናገርና ቦታው አይሆንሽም። ደመራ አለ፣ ኢሬቻ አለ፣ ታላቁ ሩጫ አለ። የአደባባዩ ውበቱ ባዶነቱ ነው። ለሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጪና እዪ፤ ማለዳ ሯጮቹ ደረጃውን ከዳር ዳር ሲሞሉት። እነሱ ቀድመውሽ «ሐውልቱን» እየተጠቀሙበት ነው። አነስ ያለ ቦታ ፈልጊ። ሰው ታክሲ የሚጠብቅበት፣ ተማሪ የሚውልበት፣ እናቶች ልጅ ይዘው የሚያርፉበት።

ሴንሰሩንም አልጠላሁትም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዚህ በፊት የመከርኩት ልጅ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሰው ሲያልፍ የሚበራ ሥራ ተክሎ ነበር። ምርቃቱ ላይ ሁሉም አጨበጨበ። ክረምት ገባ፣ ውኃው ሳጥኑ ውስጥ ገባ፣ መብራቱ ሞተ። በመስከረም ስናየው ዘበኛው ካፖርቱን ሰቅሎበታል። ልጁ ተናደደ፤ እኔ ደግሞ ለዘበኛው ነው የፈረድኩት። ቢያንስ አንድ ሰው እየተጠቀመበት ነው። መብራት ሲጠፋም የሚያምር፣ የሚነካ፣ ሰው የሚቀመጥበት ነገር ሥሪ። ከዚያ ሴንሰሩን ጨምሪበት።

ስለ እንጀራው ቤተሰብሽ ግማሽ ልክ ናቸው። የአደባባይ ሥራ በዓመት አንዴ ቢመጣ ዕድለኛ ነሽ። እስከዚያ የኤግዚቢሽን ስታንድ፣ የሆቴል ሎቢ ጌጥ፣ የሕንፃ ምልክት ሥሪ። አትናቂው፤ ያው ብረትና ብየዳ፣ ያው ደንበኛና ጨረታ ነው። ቀብድ ሳትቀበዪ ብረት አትግዢ። ጥገናውን ለብቻ ውል አድርጊው፤ ሥራው ከቆመ በኋላ ገንዘብ የሚያመጣልሽ እሱ ነው።

ለመመረቂያሽ ያን ትልቁን በኮምፒውተር ሥዕል ብቻ እንዳታቀርቢ። አንድ ሜትር የሚሆን፣ በእውን የሚገፋ ነገር ሥሪ። የኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር ጓደኛ ካለሽ አሳትፊው። ሥራሽን የምታቆሚበት ግቢ አስፈቅጂና ሳትገልጪ፣ «አትንኩ» ሳትዪ ተዪው። ራቅ ብለሽ ቅረጪ። ማን ቀድሞ ነካው? ማን ሸሸ? ማን ተቀመጠበት? ያ ቪዲዮ ከነስሕተቱ ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ ይግባ።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ውጭ አውጪው። ክረምቱን ካለፈ በጥቅምት ጻፊልኝ፤ ዝገቱ የት እንደጀመረ ጭምር።