ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት፦ ከሞተር ኋላ የሚንጠባጠብ ዘይት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «መኪናዬ የ1995 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ሥር ዘይት ይንጠባጠባል። ጋራዥ ስወስዳት የኋላው ፓራኦሊዮ ነው፣ ካምቢዮ መውረድ አለበት አሉኝ። ላስወርድ?»

ገና አያስወርዱ። ፓራኦሊዮ በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው፤ የኋላው በካምቢዮው በኩል ያለው ነው። በዚህ ሞተር ላይ እዚያ ቦታ የሚታይ ዘይት ብዙ ጊዜ ከላይ የመጣ ነው። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር የተገጠመው ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ራስ፣ ጫፍ በካምቢዮው በኩል ነው። አንገቱ ላይ ያለው ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) በዓመታት ሙቀት እንደ ፕላስቲክ ይደርቅና ዘይት ያሳልፋል። ዘይቱ ቁልቁል ወርዶ ካምቢዮው ላይ ያርፋል፤ ከሥር ለሚያይ ሰው ከኋላ ፓራኦሊዮ ከወጣው አይለይም።

በመጀመሪያ የሞተር ዘይት መሆኑን ያረጋግጡ። ከሥር ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩ። ባልቮሊን፣ ማለትም የማኑዋል ካምቢዮ ዘይት፣ ከሆነ ወፍራም ነው፣ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዲስትሪቢዩተሩንና ዲናሞውን በላስቲክ ሸፍነው በናፍጣና በብሩሽ ይጠቡ፤ በቤንዚን ፈጽሞ አይጠቡ። በሳሙና ውኃ አለቅልቀው በደንብ ያድርቁ። በዲስትሪቢዩተሩ ዙሪያ፣ በቴስታታው ክዳን ጠርዝና በካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ይነስንሱ። ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ነድተው በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት ይመልከቱ። ፓውደሩ ዘይት የነካው ቦታ ላይ ይጠቁራል። ዋናው ምንጭ ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበው ነጥብ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ የፈሰሰ ብቻ ነው።

ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ግን በቴስታታው ክዳን ላይ ያለውን የጭስ መተንፈሻ ቫልቭ፣ ፒሲቪ የሚሉትን፣ ይፈትሹ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና አዲስ የገባውንም ፓራኦሊዮ ዘይት ያስተፋዋል። ነቅለው ሲያንቀጠቅጡት መንኳኳት አለበት። በክዳኑ በኩል ባለው ጫፍ ሲነፉበት አየር በቀላሉ ያልፋል፤ በሌላው ጫፍ በጣም ጥቂት ብቻ። አዲስ ቫልቭ ተገጥሞም የዘይት መሙያው ሲከፈት ጭስ ፑፍ ፑፍ እያለ የሚወጣ ከሆነ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች) ስላለቀ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) መቀየር ብቻውን አያድንም።

ጥፋቱ ኦሪንጉ ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። የዲስትሪቢዩተሩን አካልና ቴስታታውን የሚያገናኝ ቀጭን መስመር በካቻቢቴ ጫር አድርገው ምልክት ያድርጉ። ቡሎኖቹን በ12 ቁልፍ ፈትተው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ወጥቶ ሳለ ሞተሩን አያዙሩ። አዲሱን ኦሪንግ ዘይት ቀብተው ያስገቡና በምልክቱ ልክ ይሰሩት። በኦሪንግ ፋንታ ሲሊኮን አይቀቡ፤ ተቆርጦ የገባ ቁራጭ የዘይት መንገድ ይደፍናል። ሲጨርሱ በሞተሩ ክፍል ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ውስጥ የቲኢ1ንና የኢ1ን (TE1 እና E1) ቀዳዳ በሽቦ አገናኝተው ኢግኒሽን ታይሚንጉ 10 ዲግሪ መሆኑን በታይሚንግ መብራት ያስለኩ። ዘይቱ የተገኘው በዲስትሪቢዩተሩ ካፕ ውስጥ ከሆነ የተበላሸው የውስጡ ፓራኦሊዮ ነው፤ የውጩ ኦሪንግ አይፈታውም።

የክዳኑ ጓርኒሲዮን ከሆነ የካንዴላ ጉድጓዶቹን ላስቲኮችም አብረው ይቀይሩ። የመጀመሪያው የካምሻፍት ኮፍያ (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ ከላይ የሚይዘው) ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምበት ጥግ ላይ ብቻ ጥቂት ሲሊኮን ጠብ ያድርጉ። የክዳኑ ዳዶዎች የሚጠብቁት 6 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ በአጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ጉልበት ብቻ። «ይፈሳል» ብሎ ደጋግሞ ማጥበቅ ክዳኑን ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ጓርኒሲዮንም አይዘጋውም።

ከላይ ሁሉም ደርቆ የካምቢዮው ደወል፣ ከሞተሩ ጋር የሚጋጠመው ሰፊ ሽፋን፣ ከውስጥ ከረጠበ ያኔ ካምቢዮው ይውረድ። ከፓራኦሊዮው ጋር እሱን የሚይዘው ሳህን ጓርኒሲዮንም ይቀየር፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እሱ ሆኖ ሳለ ይረሳል። ዘይት የነካው የፍሪሲዮን ሸራ ታጥቦ አይመለስም፣ ይለወጣል። የድሮው ፓራኦሊዮ በዘንጉ ላይ ቦይ ቆፍሮ ከሆነ አዲሱ ከንፈሩ ባልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከነበረበት ፈቀቅ ተደርጎ ይግባ።