ጠባሳ ያለበት ሌጦ ለእናንተ ነው

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ሦስት ወጣቶች ደሴ ያለው ቤቴ ድረስ መጡ። «ጋሼ፣ ቆዳ በእጅ መስፋት እንፈልጋለን። ለእናት፣ ለጓደኛ፣ ለሰርግ የሚሆን ስጦታ ቤታችን ሠርተን መስጠት ነው ያማረን» አሉኝ። ቡና ቀረበ። አቦሉ ሳያልቅ ጥያቄው በዛ። ሁሉንም በአንድ ቁጭታ መመለስ ስላልቻልኩ ይህን ጻፍኩ። ለእነሱም፣ እንደ እነሱ ላማራችሁም ሁሉ።

ኮምቦልቻ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ 28 ዓመት ሌጦ፣ ማለትም የበግና የፍየል ቆዳ፣ መራጭ ነበርኩ። ሌጦውን ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፣ በመዳፌ እዳስሳለሁ፣ ብርሃን ላይ አነሳለሁ፣ ደረጃ እሰጣለሁ። ንጹሑ ወደ ላይኛው ክምር፣ ጠባሳ ያለው ወደ ታችኛው። ጡረታ ወጥቼ ቤቴ መስፋት ስጀምር ነው አንድ ነገር የገባኝ። ያ ወደ ታች ስወረውረው የኖርኩት ሌጦ ለቤት ሰፊ ከሁሉም የተመቸ ነው። ፋብሪካ የሚፈልገው ከአንገት እስከ ጭራ የጠራ ሌጦ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የመዳፍ ስፋት ያህል ነው። በጣም በተበላሸ ሌጦ ላይ እንኳ የመዳፍ ስፋት ንጹሕ ቦታ አይጠፋም። ዋጋውም ለጀማሪ ኪስ አይከብድም።

ስለዚህ ከመርፌው በፊት ቆዳ ማንበብ ልመዱ። ብዙ ልጆች ስፌት ተምረው ቆዳ ሳያውቁ ይቀራሉ። ከዚያ ቦርሳው በሦስት ወሩ ሲቀደድ ክሩን ይረግማሉ።

ጠባሳ ሁሉ አንድ አይደለም። የባቲን ፍየል አስቡ። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው የባቲ ገበያ የምታዩትን ማለቴ ነው። ሌጦው በዓለም ገበያ በባቲ ስም ይጠራል፤ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው። ግን ፍየሉ የኖረው በግራር መሀል ስለሆነ የእሾህ ጭረት አያጣም። ያ ጭረት ፍየሉ በሕይወት ሳለ ከዳነ ቆዳው አልደከመም። መልክ ብቻ ነው። በድፍረት ስፉበት።

የቢላዋ ምት ግን ሌላ ነው። ሲገፈፍ በሥጋው በኩል የተቆረጠ ቦታ ነው። ከላይ ምንም አይታይም። ሌጦውን ወደ መስኮት አንሱትና ተመልከቱ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ካያችሁ እሱ ነው። እሱ ላይ ስፌት ካለፈ ይተረተራል። ቆርጣችሁ አውጡት።

እከክን ደግሞ አስተውሉ። በበግና በፍየል ላይ የሚኖሩ ቅማልና መሰል ተባዮች የሚያመጡት ነው። ቆዳው ላይ ጥቃቅን ጉብታ ሆኖ ይቀራል። በፋብሪካ ዘመኔ ስንቱን ውብ የበግ ሌጦ ወደ ታች አስጥሎኛል! ጥንካሬውን ብዙም አይነካም። ችግሩ ቀለም ሲቀባ እኩል አይዝም። ለከረጢት ውስጠኛ ገጽ አድርጉት።

ፈጽሞ የማይሆነው የበሰበሰው ነው። በጨው ሳይታሽ የቆየ ሌጦ ከለፋ በኋላም ላይኛው ገጽ ይላጣል። እጠፉትና እጥፋቱን በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ከተፈረፈረ ለማንም ስጦታ አይሆንም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። በየበዓሉ ማግስት ሌጦ በየአጥሩ ጥግ ተጥሎ ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። ፋሲካም ይሁን ዒድ፣ በግ ካረዳችሁ ሌጦው ሳይሞቅ ሳይሸት፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሥጋውን በኩል በጨው እሹትና ለነጋዴ አድርሱት። ቤት ውስጥ ለማልፋት ግን አትሞክሩ። ኖራው፣ ኬሚካሉ፣ ፍሳሹ ለግቢ የሚሆን አይደለም። የለፋውን ግዙ። ጫማና ቦርሳ ከሚሠሩ ሰዎች ቁርጥራጭ ለምኑ፤ አብሽሩ፣ ይሰጧችኋል።

የለፋው ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ነው። ለስላሳ ነው፣ ውኃም ያን ያህል አያስደነግጠውም። ቆርጣችሁ ጠርዙን ስታዩት ብዙ ጊዜ መሀሉ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ግራጫ ይሆናል። ሌላው በዛፍ ቅርፊትና በመሳሰለው ዕፅዋት የለፋ ነው። ጠንከር ይላል፣ ጠብታ ውኃ ሲነካው ይጠቁራል። የዚህኛው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ፣ ትንሽ ረጥቦ፣ በወፍራም ጨርቅ በኃይል ሲታሽ እንደ ቀንድ ይለሰልሳል። የክሮሙ እንዲህ አይሆንላችሁም። እሱን ጠርዙን አጥፋችሁ ስፉት። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት የክሮም ጠርዝ ሳሽ ውያለሁ።

ስለ ሙያው ስም ደግሞ ዝም ብል ደስ አይለኝም። ሥራ ስይዝ ከዘመዶቼ አንዱ «ፋቂ ልትሆን ነው?» ብሎኛል። እንደ ስድብ ነው ያለው። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ግን እኔ ዘመን ድረስ መጥቶ አገኘኝ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ እመኛለሁ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቡ። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት ወንጌል የዚያ ገዳም ነው። ብራናውስ ምንድን ነው? ቆዳ ነው። የመጽሐፍ ልባሱም፣ ተንጠልጥሎ የሚያዝበት ማኅደሩም ቆዳ ነው። ደረሳውም ቁርኣኑን በቆዳ ከረጢት ይዞ ነው አገር ያቋረጠ። ወሎ ውስጥ የፈጣሪ ቃል ሲከበር የኖረው በእነዚያ ስማቸው ባልተጻፈ ሰፊዎች እጅ ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ሁለት መርፌ፣ የጫማ ሰፊ ክር፣ ትንሽ ሰም፣ አንድ ወስፌ ይበቃል። እናቶቻችን ሌማትና ሰፌድ የሚሰፉበት ወስፌ ለጊዜው ይሆናል። የመርፌዎቹን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አደንዝዙት። ቀዳዳውን የሚከፍተው ወስፌው ነው፤ የመርፌው ሥራ ክር ማሳለፍ ብቻ ነው። የሹል መርፌ ጣጣ ወደ ኋላ ይመጣል። ማስቲሽ ከተጠቀማችሁ መስኮት ክፈቱ፤ ማስቲሹ ሕፃን ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይከፈት።

የመጀመሪያ ሥራችሁ የመታወቂያ መያዣ ይሁን። የፕላስቲኩ መታወቂያና የባንክ ካርድ ልካቸው አንድ ነው፤ 8.56 በ5.4 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ ከጫማ ካርቶን 10 በ6.5 የሆነ ልክ ቁረጡ። በእሱ ሁለት የቆዳ ቁራጭ አውጡ። ከጀርባው አካባቢ ያለውን ቆዳ ምረጡ፤ የሆዱ በኩል ይለጠጣል። በአንደኛው ቁራጭ ላይ አውራ ጣት የሚገባበት ግማሽ ክብ ከላይ በኩል፣ በረጅሙ ጎን አውጡለት። ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገብታችሁ መስመር አስምሩ፣ በየ4 ሚሊ ሜትሩ ነጥብ አድርጉ፣ ነጥቦቹ ላይ በወስፌው ቀዳዳ ክፈቱ። በሹካ ጥርስ የሚለኩ አሉ፤ የሹካ ጥርስ ሰፋ ስለሚል ለትልቅ ቦርሳ ይሻላል። የምትሰፉት ሦስት ጎን ነው፤ ተደምሮ 23 ሴንቲ ሜትር። ክሩ የዚህን አራት እጥፍ ያህል ይፈልጋል። አንድ ሜትር ቁረጡ፤ መሀል መንገድ ላይ ክር ማለቅ አንጀት ያሳርራል።

ክሩን በሰም አሹት። የማር ሰም ይሁን። የሻማ ሰም ይፈረፈራል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አንድ ክር፣ በሁለቱ ጫፍ ሁለት መርፌ። ኮርቻ ሰፊዎች የሚሰፉት እንዲህ ነው። ሥራውን በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መሀል አድርጋችሁ በጉልበታችሁ ያዙት። በመጀመሪያው ቀዳዳ አንዱን መርፌ አሳልፋችሁ ክሩን በሁለቱም በኩል እኩል አድርጉ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱም መርፌዎች ያልፋሉ፤ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ። የሚቀድመው ሁሌም አንድ ይሁን። ካቀያየራችሁ ስፌቱ ተንሻፎ ይወጣል።

የመኪና ስፌት ሁለት ክር መሀል ላይ ተያይዞ ነው የሚቆመው። አንዱ ሲበጠስ መተርተር ይጀምራል። ይህኛው ግን በአንዱ ገጽ ላይ ቢበጠስ እንኳ የሌላው ገጽ ክር ቀዳዳውን ይዞ ይቆያል። ስጦታውን የሚቀበለው ሰው ይህን አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛውን መርፌ ስታሳልፉ የመጀመሪያውን ክር እንዳትወጉት። ከወጋችሁት ስፌቱ አይጠብቅም፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ለመፍታትም አይቻልም። ዘዴው ቀላል ነው። ሁለተኛው መርፌ ሲገባ የመጀመሪያውን ክር በቀዳዳው ውስጥ ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። ክሩ ከተንቀሳቀሰ አልተወጋም። በስንት ሥራ ላይ ነው ይህ የገባኝ መሰላችሁ! ለልጄ የሠራሁት የመጀመሪያው ቦርሳ ሁለት ጊዜ ፈርሷል። አንዴ ክሩን ስለወጋሁት፣ አንዴ ደግሞ ጠበቀልኝ ብዬ ስጎትት ቀጭኑን የበግ ሌጦ እንደ ቢላ ስለቆረጠው። የክሩ ጉተታ እንደ ሌጦው ውፍረት ነው። ክሩ ቆዳው ላይ ተኝቶ ትንሽ ሰመጥ ካለ በቃ።

መጨረሻው ላይ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ስፉና ቁረጡ። ናይለን ከሆነ ጫፉን በክብሪት ንኩት። ከዚያ ስፌቱን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ቅቤ አትቀቡ፤ ይሸታል።

ለማን እንደምትሠሩ ከመቁረጣችሁ በፊት እወቁ። ሰውየውን አንድ ሳምንት ተመልከቱት። መነጽሩን የት ያስቀምጣል? ቁልፉን በየት ኪስ ይይዛል? አንድ ጎረቤቴ ሙስበሃቸው፣ ዚክር የሚቆጥሩበት ዶቃ፣ ኪሳቸው ውስጥ ከሳንቲም ጋር እየተጠላለፈ ያስቸግራቸው ነበር። ከለስላሳ የበግ ሌጦ ትንሽ ከረጢት ሰፋሁላቸው። ለባለቤቴ ወንድም ደግሞ በዚያው ልክ የመቁጠሪያ ከረጢት። ሁለቱም ከአንድ በግ ሌጦ የወጡ ናቸው። ሁለቱም እስከ ዛሬ በኪሳቸው ነው። ሽያጭ የሚለው ነገር ይቆያችሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ስጡና ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ስፌታቸውን እዩት። የት እንደላላ፣ የት እንደተበላ ከዚያ ትማራላችሁ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የመታወቂያ መያዣ አለ። የባቲ ፍየል ነው። ፊቱ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የሄደ የእሾህ ጭረት አለበት። በፋብሪካ ቢሆን ሁለቴ ሳላየው ወደ ታች እወረውረው ነበር። አሁን ግን ያን ጭረት ሆን ብዬ ፊት ለፊት አወጣሁት። ለእህቴ ልጅ ነው፤ ሰርጓ ሊደርስ ነው። አንድ ጎኑ ይቀረኛል፤ ሲመሽ ዓይኔ ስለማይረዳኝ ነገ ጠዋት በፀሐይ እጨርሰዋለሁ።