ስለ ኤልሳት ጠይቁኝ፦ ፈተናው፣ ጭንቀቱ፣ ገንዘቡ

ዋሽንግተን አካባቢ በጥብቅና እሠራለሁ። ትርፍ ጊዜ ሳገኝ ደግሞ ለአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ለኤልሳት፣ የሚዘጋጁ የሐበሻ ልጆችን አስጠናለሁ። ሰሞኑን “ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ” ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ግማሹ ስለ ፈተናው ነው። ግማሹ እንቅልፍ ስለማጣት ነው።

ከዜሮ ነው የምጀምረው። የሕግ ዕውቀት ይጠይቃል እንዴ?

አንድም የሕግ ጥያቄ የለበትም። የሚፈትነው ማንበብና ማመዛዘን ነው። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ሁለቱ ሎጂካል ሪዝኒንግ (አጭር ክርክር መመዘን)፣ አንዱ ሪዲንግ ኮምፕሪሄንሽን (ምንባብ አንብቦ መረዳት) ናቸው። አራተኛው ነጥብ የማይያዝበት የሙከራ ክፍል ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አይነገርሽም፤ ስለዚህ ሁሉንም የምርሽን ትሠሪያለሽ። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ 10 ደቂቃ እረፍት አለ። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። መሳሳት ነጥብ አይቀንስም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የቀረውን ሁሉ ዝም ብለሽ ሙዪው፤ ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም።

ከዚህ ሌላ ለብቻው በኮምፒውተር የሚጻፍ የ50 ደቂቃ ድርሰት አለ። ነጥብ የለውም። ግን ለምታመለክቺባቸው ትምህርት ቤቶች ይላካል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተን ሰው ደግሞ እሱን ሳይጽፍ ውጤቱን አያይም። ብዙ ሰው ይረሳዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ታላቅ እህትሽ የሰጠችሽ አሮጌ መጽሐፍ ካለ “ሎጂክ ጌምስ” የሚለውን ምዕራፍ ዝለዪው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ያ ክፍል ከፈተናው ወጥቷል። ሌላው ምዕራፍ አሁንም ይሠራል።

እስከ 12ኛ ክፍል አዲስ አበባ ነው የተማርኩት። እንግሊዝኛ ሳነብ ቀርፋፋ ነኝ። ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣሉ?

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ ብቻ አይሰጥም። ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጠው የሐኪም ወይም የባለሙያ ማስረጃ ላለው ችግር ነው። ትኩረት የማጣት ችግር፣ የማንበብ እክል፣ የታወቀ የጭንቀት ሕመም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ካለህ አትፈር፤ ጠይቅ። ተጨማሪ ሰዓት ማግኘትህ ለትምህርት ቤቶች በሚላከው ውጤት ላይ አይጻፍም። ጥያቄው ግን የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ መግባት አለበት።

ቋንቋውን በተመለከተ የቃላት ዝርዝር መሸምደድ ብዙ አይጠቅምም። ሪዲንጉ አራት ምንባብ ነው፦ ስለ ሕግ፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ማኅበረሰብ፣ ስለ ጥበብ። ሰዓት ሳትይዝ በቀን አንድ ምንባብ አንብብ። ከዚያ ገጹን ዝጋና ለራስህ በአማርኛ ተናገረው። ጸሐፊው ምን ይላል? ከማን ጋር ነው የማይስማማው? ሐሳቡ የተገለበጠው የት ላይ ነው? ይህን መመለስ ካልቻልክ ያነበበው ዓይንህ ነው እንጂ አንተ አላነበብክም። ፍጥነት መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከመጀመሪያው ቀን ሰዓት ይዘው የሚሮጡ ልጆች ስህተታቸውን በፍጥነት መሥራት ነው የሚለምዱት።

እህቴ፣ ሦስቱን መልስ እጥላለሁ፤ ሁለት ይቀራሉ። ሁሌ የምመርጠው የተሳሳተውን ነው። መሣቂያ ሆንኩ።

አይዞሽ፣ የሁሉም ሰው በሽታ ነው። ምሳሌ ልስጥሽ። የፈጠርኩት ነው፣ ግን ሎጂካል ሪዝኒንግ ይህንን ይመስላል።

“ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የሐበሻ ሱቅ የእንጀራ ዋጋ በአንድ ዶላር ቀነሰ። በወሩ ደንበኛው በዛ። ስለዚህ ደንበኛውን ያመጣው የዋጋው መቀነስ ነው።” ክርክሩን ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው? ሁለት መልስ ቀርቶሻል እንበል። ሀ፦ ሌሎች ሱቆችም ዋጋ መቀነስ ይችሉ ነበር። ለ፦ በዚያው ወር መንገዱ ማዶ ያለው እንጀራ ሻጭ ሱቁን ዘጋ።

“ሀ” ያማልላል፤ ስለ ዋጋ ነው የሚያወራው፣ ከርዕሱ አልወጣም። ግን ሌሎች መቀነስ መቻላቸው እዚህ ሱቅ ደንበኛ ለምን እንደበዛ ምንም አይነግረንም። “ለ” ስለ ዋጋ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሆኖም ለደንበኛው መብዛት ሌላ ምክንያት አመጣ። መልሱ እሱ ነው። ፈተናው በተደጋጋሚ የሚይዝሽ እንዲህ ነው፦ የተሳሳተው መልስ የታወቀ ቃል ለብሶ ይመጣል፤ ትክክለኛው ባዳ ይመስላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የሚያስፈልገውንና የሚበቃውን ማምታታት ነው። በተለመደው መንገድ የአሜሪካ ዜግነት ለማመልከት ግሪን ካርድ ያስፈልጋል። “እሱ ግሪን ካርድ አለው፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ማመልከት ይችላል” ብትዪ ግን ተሳሳትሽ። የመኖሪያው ዓመት አለ፣ ሌላም አለ። ማንኛውም የኢሚግሬሽን ወረፋ የጠበቀ ሐበሻ ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ላይ ሲመጣ ነው የሚጠፋብን።

ስለዚህ ደብተር ያዢ። የተሳሳትሽውን እያንዳንዱን ጥያቄ ጻፊና ሁለት ነገር መልሺ፦ የተሳሳተው ለምን ሳበኝ? ትክክለኛውን ለምን ጣልኩት? “ቸኩዬ ነው” ብለሽ አትለፊ። ትንሽ ቆይተሽ ደብተሩን ስታገላብጪ ስህተትሽ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ብቻ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ። በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ወር ላጥና?

ከሥራ ተመልሰህ ዓይንህ እየተጨፈነ ያነበብከውን አትቁጠረው። ተኛ። ስትነሳ፣ ስልክ ሳትከፍት፣ አንድ ሰዓት ተኩል አጥና። ይህን በሳምንት አምስት ቀን። አንድ ቀን ረዘም ላለ ሥራ ይሁን፦ በአንዱ ሳምንት ሙሉውን ፈተና ሥራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ፈተና አርም። አንድ ቀን ምንም አታጥና። ሙሉ ሥራ ለያዘ ሰው ከአምስት እስከ ሰባት ወር ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ሦስት ወር ይበቃል የሚሉ አሉ። ሥራ ለሌለው ሊሆን ይችላል።

በየቀኑ ሙሉ ፈተና የሚሠሩ ልጆች አሉ። ውጤታቸው አንድ ቦታ ተገትሮ ይቀራል። ፈተና መሥራት ሚዛን ላይ እንደ መውጣት ነው፤ ደጋግመህ ስለወጣህ ክብደትህ አይቀንስም። ሰውን የሚለውጠው እርማቱ ነው።

ገንዘብ የለኝም። ኮርሶቹ በሺህ ዶላር ናቸው።

ኮርስ ግዴታ አይደለም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ኤልሳክ ይባላል፤ ሎውሀብ የሚባል ድረ ገጽ አለው። በነጻ ስትመዘገቢ ጥቂት ሙሉ ፈተናዎች ታገኛለሽ፤ የፈተናው ገጽታ እንዳለ እዚያ አለ። ካን አካዳሚ የሚባለው የነጻ ትምህርት ድረ ገጽ ላይ የነበረው የኤልሳት ትምህርት በ2024 ስለተዘጋ እዚያ አትፈልጊው።

ፈተናው ራሱ ከ200 ዶላር በላይ ነው። የማመልከቻ ሰነዶችሽን ሰብስቦ የሚልከው አገልግሎትም እንዲሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት፣ ዛሬ፣ ከክፍያ ነጻ ለመሆን አመልክቺ። በገቢ ነው የሚታየው። ከተፈቀደልሽ ፈተናውን፣ የሰነድ አገልግሎቱንና የልምምድ ፈተናዎቹን ይሸፍናል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም የማመልከቻ ክፍያቸውን ይተዉልሻል። የከፈልሽውን ግን ወደ ኋላ ሄደው አይመልሱም። መጀመሪያ ማመልከት፣ ከዚያ መመዝገብ። ቅደም ተከተሉ እሱ ነው።

ኩራት ይዟቸው የማያመለክቱ ልጆች ያናድዱኛል። ይህ ልመና አይደለም።

እኔ ተፈታኝ አይደለሁም፣ እናት ነኝ። ልጄ አትበላም፣ አትተኛም፣ ስናገራት ትቆጣለች። ምን ላድርግላት?

እናቴ፣ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። በመጀመሪያ የፈተናውን ቀን ለሰው አይንገሩ። ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ የሰንበቴው ሰው ሁሉ “መቼ ነው? ስንት አመጣች?” ማለት ሲጀምር ልጅቷ የምትፈተነው ለራሷ መሆኑ ይቀራል። “ጠበቃ ልጄ” የሚለውንም ለጊዜው ይተዉት። በፍቅር ነው የሚሉት፤ እሷ ላይ ግን ዕዳ ሆኖ ያርፋል።

ውጤት አይጠይቋት። ምግብ አቅርበው ዝም ይበሉ። ታናናሾቿን የማየትና ዘመድ ከኤርፖርት የማምጣት ሥራ ካለባት ለእነዚህ ወራት ለሌላ ሰው ይስጡት። ከምክር ሁሉ ይህ ይበልጣል። ጸሎቱን አይተዉ፤ ግን ክፍሏ ድረስ ሄደው “እየጸለይኩልሽ ነው፣ እንዳታሳፍሪኝ” አይበሏት።

አለመብላቱና አለመተኛቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ወይም “ብሞት ይሻለኛል” ዓይነት ነገር ከሰሙ፣ ፈተናው ይቆይ። ሐኪም ጋ ይሂዱ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካለች እዚያው አማካሪ አለ። በአሜሪካ 988 ለተጨነቀ ወይም ራሱን ስለ ማጥፋት ለሚያስብ ሰው ቀንና ሌሊት የሚሠራ ነጻ ስልክ ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ጠበል መውሰድ ካሰቡም ይውሰዷት፤ ሐኪሙን ግን አይተኩበት።

ልምምድ ላይ ደህና ነኝ። እውነተኛው ላይ ልቤ ይመታል፣ እጄ ያልበኛል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አምስቴ አነባለሁ።

እዚያ ሁኔታ ውስጥ ገብተህ ጥያቄውን አትታገለው። ምልክት አድርግበትና እለፍ። እጅህን ከመዳፊቱ አንሳ። ትንፋሽህን ከምታስገባበት አርዝመህ አውጣ፤ አራት አምስት ጊዜ። ግማሽ ደቂቃ ብታጣ ነው። ደንግጠህ የምታጣው ከዚያ ይበዛል።

ብዙዎች የማይገነዘቡት ነገር አለ፦ ከ15 በላይ ጥያቄ ስቶም 160 የሚያመጣ ሰው ብዙ ነው። አንድ ከባድ ጥያቄ መጣል በዕቅድህ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ልምምድህንም በተመቻቸ ሁኔታ ብቻ አትሥራ። ጸጥ ባለ ክፍል፣ ቡና እየጠጣህ፣ እያቋረጥክ የሠራኸው 165 ሐሰተኛ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሂድ፣ ሰው ሲያስል፣ ወንበር ሲጎተት ሥራ። ፈተናህ ጠዋት ከሆነ ጠዋት ሥራ።

የጀበናውን ነገር ደግሞ፦ የፈተና ቀን ከወትሮው በላይ ቡና አትጠጣ። ልብህ ሲመታ ፍርሃት ይሁን ቡና መለየት ያቅትሃል።

የኤፕሪሉ ፈተና ሁዳዴ ላይ ነው። ልጹም?

ይህን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ከእኔ በኩል ያለው ይህ ነው፦ የምትጾም ከሆነ ልምምዱንም እየጾምክ ሥራ። ሰውነትህ ለፈተናው ቀን አዲስ ነገር አይግጠመው። ረመዳን ለሚገጥማችሁም ያው ነው።

148 አመጣሁ። 160 ነበር የፈለግኩት። ልድገም? ትምህርት ቤቶቹ ያዩታል አይደል?

ያዩታል፤ ክብደት የሚሰጡት ግን ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ነው፤ ሪፖርት የሚያደርጉትም እሱን ነው። በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ መፈተን ይቻላል። ውጤቱን የሰረዝሽው ፈተናም ይቆጠራል።

መድገም አለመድገሙን ከሐዘን ወጥተሽ ወስኚ። የመጨረሻ ሦስት ልምምዶችሽ 147፣ 149፣ 148 ከነበሩ ፈተናው አልበደለሽም፤ ያለሽን ነው ያሳየሽ። በሚቀጥለው ወር ብትደግሚ ያው ይመጣል። ሦስት አራት ወር ስጪው። ልምምዱ 158 ሆኖ 148 ከመጣ ግን ችግሩ የዕለቱ ነው፣ ቶሎ ድገሚው። የፈተና ቀን የሚቆረጠው የልምምድ ውጤትሽ የምትፈልጊው ላይ ሲደርስ ነው። ማመልከቻ ሴፕቴምበር አካባቢ ይከፈታል፣ ቀድሞ የገባ ይጠቀማል፤ ቢሆንም በጃንዋሪ ጥሩ ውጤት ይዞ መምጣት በኦክቶበር ደካማ ይዞ ከመሮጥ ይሻላል። አንድ ዓመት መቆየትም ነውር አይደለም።

አገር ቤት በሕግ ተመርቄ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኤልሳት ግድ ነው?

ወንድሜ፣ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ኤልኤልኤም፣ ማለትም የሕግ ማስተርስ፤ አንድ ዓመት ነው፣ ኤልሳት አይጠይቅም፣ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ቶፍል ወይም አይኤልትስ፣ ይጠይቃል። ኒውዮርክ ለምሳሌ የኮመን ሎው (በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የቆመ የሕግ ሥርዓት) ትምህርት ላልተማረ ሰው ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ኤልኤልኤም ተምሮ ለባር፣ ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና፣ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። የእኛ ትምህርት በኮድ፣ በተጻፈ የሕግ መጽሐፍ፣ ላይ የቆመ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ መሆናቸውን ታስታውሳለህ። ስለዚህ የሚመለከትህ ይህ ደንብ ነው። ለትምህርት ቤት ከመክፈልህ በፊት ወረቀትህን ለኒውዮርክ ባር ቦርድ አስገምግም። ጊዜ ይወስዳል።

ሁለተኛው ሙሉው ጄዲ፣ የአሜሪካ መደበኛ የሕግ ዲግሪ፣ ነው፦ ሦስት ዓመት፣ በማታ አራት። ለዚህ ኤልሳት ወይም፣ በሚቀበሉት ትምህርት ቤቶች፣ ጂአርኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያስፈልጋል። የመኖሪያህ ግዛት ኤልኤልኤም ይዞ የመጣን ሰው ለባር የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ወይም በየትኛውም ግዛት መሥራት የምትፈልግ ከሆነ ጄዲው ያዋጣል። ቤተሰብ ይዘህ ከሆነ የማታውን እይ፤ እዚህ ዋሽንግተን ጆርጅታውን የማታ ፕሮግራም አለው።

ቤት ሆኖ መፈተን ይሻላል ወይስ ማዕከል ሄዶ?

ማዕከል። ለማንኛውም ኤልሳክ ከኦገስት 2026 ጀምሮ ቤት ሆኖ መፈተን በልዩ ምክንያት ብቻ እንደሚሆን አስታውቋል። የቤታችንን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በሩን ሳያንኳኳ “ምሳ ቀርቧል” የሚል ሰው አይጠፋም። ለቦታው ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ፤ ቅርብ ያለው ማዕከል ከሞላ ሌላ ከተማ መንዳት ሊመጣ ነው። ከፈተናው በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ መንገዱንና ፓርኪንጉን እዩ። መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም ከተመዘገባችሁበት ጋር አንድ መሆኑንም አረጋግጡ። የአባትና የአያት ስም ቦታ ሲቀያየርብን የምንቸገረው እኛ ነን።