ድሩፓል ከመጨመርሽ በፊት

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ የአንድ ድርጅት ዌብሳይት ላይ እሠራለሁ። ወርድፕረስ የተባለውን የዌብሳይት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በደንብ እችላለሁ። ሁሉም ክፍል «ዛሬውኑ ይለጠፍልን» ይላል፤ እለጥፋለሁ። የዌብሳይት ኃላፊ መሆን እፈልጋለሁ። ድሩፓል የተባለውን ሌላ ተመሳሳይ ሶፍትዌር ብጨምር ይበቃኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ድሩፓልን መማር አይጎዳሽም። ብዙ ቋንቋና ብዙ አዘጋጅ ላለው ትልቅ ተቋም ጠንካራ ነው። ኃላፊ የሚያደርግሽ ግን እሱ አይደለም።

ዌብሳይት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በኮድ ሳይሆን ባለቤት በማጣት ነው። ቀኑ ያለፈበት ጨረታ መነሻ ገጹ ላይ ይከርማል። አማርኛው ገጽ የድሮውን ስልክ፣ እንግሊዝኛው አዲሱን ያሳያል። የማመልከቻው ማብቂያ «8:00 ሰዓት» ይላል፤ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈ የለም። ከሰዓት ነው ብሎ የመጣው አመልካች በሩ ከተዘጋ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። እንዲህ ያለውን ጉዳት የትኛውም ሶፍትዌር አይከለክልልሽም።

ስለዚህ ኤክሴል ክፈቺና ገጾቹን አንድ በአንድ መዝግቢ። ማን አመጣው? መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ስህተት ቢገኝበት የትኛው ክፍል ይጠየቃል? መቼ ይነሳል? አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ባለቤት የሌላቸውን ገጾች ቆጥረሽ ለአለቃሽ ስታሳዪ ወሬው ይቀየራል።

ከዚያ ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚያጸድቅ፣ ማን እንደሚለጥፍ የሚል አንድ ገጽ መመሪያ አርቅቂ። ሥራ አስኪያጁ ይፈርሙበት። ፊርማ ከሌለው ከክፍል ኃላፊዎቹ ጋር ስትጨቃጨቂ ትውያለሽ። ሲፈረም ወርድፕረስ ራሱ ያግዝሻል፦ የአበርካችነት ፈቃድ የተሰጠው ሰው ይጽፋል እንጂ ማተም አይችልም። ለዚህ አዲስ ሲስተም መግዛት አያስፈልግም።

የጓዳውንም ነገር አትርሺ። ዶሜኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? ሥራ በለቀቀ ሰው የግል ኢሜይል ከሆነ ዛሬውኑ ይስተካከል። ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አለ ከተባለ አንድ ጊዜ መልሰሽ ጭነሽ ሞክሪው። የሥራ ማመልከቻ ፎርም ካላችሁ የሰዎቹን መታወቂያ ማን እንደሚያይና መቼ እንደሚጠፋ ይወሰን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጉዳይም ሆኗል። ሶፍትዌሩን ለማሻሻል የሚያስፈልገውን በጀትም አስቀድመሽ ጠይቂ። ለድሩፓል ሥሪት 7 ይሰጥ የነበረው ድጋፍ በጃንዋሪ 2025 ሲያበቃ፣ ቀኑ ከብዙ ጊዜ በፊት ተነግሮ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀን ተከታትሎ አለቆችን በጊዜ ማስጠንቀቅ የኃላፊው ሥራ ነው።

ሲቪሽ ላይ ከሶፍትዌሮቹ ስም ከፍ አድርገሽ ይህን ጻፊ፦ ስንት ገጽ መዘገብሽ፣ ስንቱ ባለቤት አገኘ፣ ስንቱ ተነሳ። ቃለ መጠይቅ ላይም የድርጅቱንም የሰዎቹንም ስም ያልጠቀሰውን የመመሪያሽን ቅጂ ይዘሽ ግቢ።