ስሙን ቢቀይር ኮምፒውተሩ ያሳብቅበታል?

እህቴ፣ ልጅዎን በኢንተርኔት ያስቸገረው ሰው ከድረ-ገጹ ታግዶ ሳለ በሌላ ስም መመለሱን ሳነብ አንጀቴ ተቃጠለ። «ድረ-ገጹን የሚያስተዳድረው ድርጅት በኮምፒውተሩ ሊለየው አይችልም ወይ?» ላሉት፣ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ስምና ኢሜይል በአምስት ደቂቃ ይቀየራል። መሣሪያው ግን እንደ ጣት አሻራ የሚታይ ምልክት አለው፦ የስክሪኑ መጠን፣ የተጫኑት የፊደል ቅርጾች፣ የሰዓት አቆጣጠሩ፣ የብሮውዘሩ (ድረ-ገጽ የሚከፈትበት ፕሮግራም) እትም። እያንዳንዱ ለብቻው ተራ ነገር ነው፤ ሲደመሩ ግን አንዱን ኮምፒውተር ከብዙ ሺዎች መካከል ነጥለው ያወጡታል። ለኢንተርኔት ተጠቃሚዎች መብት የሚከራከረው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት፣ ከተመረመሩት ብሮውዘሮች 83.6 በመቶው ከሌላው ጋር የማይመሳሰል አሻራ ነበራቸው። ስለዚህ ከአንድ መሣሪያ «የ13 ዓመት ልጅ ነኝ» የሚሉ አምስት የተለያዩ ስሞች ቢወጡ ድርጅቱ ማየት ይችላል። አይቶ ዝም ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ችግሩ፣ የሚታወቀው ዕቃው እንጂ ሰውየው አለመሆኑ ነው። ስልክ ከለወጠ ያመልጣል። በኢንተርኔት ቤት ደግሞ አንድ ባለጌ ቢታገድ፣ ከእሱ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ተማሪ አብሮ ሊታገድ ይችላል።

እርስዎ መልእክቱን ሳያጠፉ ፎቶ ያንሱት፣ የገጹን አድራሻ ይመዝግቡ፤ ሪፖርት ሲያደርጉም የታገደበትን የቀድሞ ስም ጨምረው ይጻፉ። ዛቻ ካለበት ወደ ፖሊስ ይሂዱ። ልጅቱን ግን አይቆጧት፤ ከተቆጧት ሌላ ጊዜ ትደብቅዎታለች።